ለባሏ ዋስ

እናቴ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ፎቶ አነሳችና ለታናሽ እህቴ ዘረጋችላት። ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ደርበው ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሙሽሪት የለችበትም፤ ሙሽራውም የለበትም።

«ይኼ ካልገባማ ምኑን ማስረጃ ሆነ?»

«እማዬ፣ ከሃያ በላይ አይቀበሉም። እኛ የሌለንበትን ፎቶ ምን ብዬ ልላክላቸው?»

«ሽማግሌ ተልኮ፣ በወግ በማዕረግ እንዳገባሽ አይደል እንዴ የምታስረጂው? ታዲያ እሱን ሳታሳዪ ምኑን አስረዳሽ?»

እህቴ ትንሽ አሰበችና ፎቶውን ከተመረጡት ጋር አኖረችው። በምትኩ ሁለቱ ናያግራ ፏፏቴ ፊት ለፊት ተቃቅፈው የተነሡት ወጣ። እኔ ከጠረጴዛው ዳር ሆኜ በየፎቶው ጀርባ ቀኑንና ቦታውን፣ የተነሡትንም ሰዎች ስም እጽፋለሁ።

ኦክቶበር 2023 ነው። ቦታው ቶሮንቶ፣ ከዳንፎርዝ ጎዳና ገባ ብሎ ያለ የእህቴ አፓርታማ ነው። (የማነሣቸው ዓመታት ሌላ ካላልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እህቴ የካናዳ ዜጋ ናት፤ ባሏ የአሜሪካ ዜጋ። እሷ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ፣ እሱ ደሴ። እሱ ዱባይ ሆቴል ወጥ ቤት ሲሠራ ዲቪ ደርሶት በ2015 ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ። በ2019 የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየበጋው በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ተዋወቁ። በ2022 ሠርጉ ቶሮንቶ፣ መልሱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነ። ከዚያ በኋላ እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ እሷም ወደ ሥራዋ። በመካከላቸው የስምንት ዘጠኝ ሰዓት መንገድ አለ።

ዘመድ ጎረቤቱ ነገሩን የሰማ ጊዜ ያለው አንድ ነበር፤ «ከአሜሪካ ለማምጣት ደግሞ ምን ችግር አለው?» ካርቱም ወይም ናይሮቢ የተቀመጠ ባል ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይጸልይላቸው ነበር። አሜሪካዊ ዜጋ ግን ካናዳ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም፤ በአብዛኛው እስከ ስድስት ወር ድረስ በእንግድነት መቆየት ይችላል። ግሪን ካርድ የያዘ ኢትዮጵያዊ እንኳ ከኤፕሪል 26፣ 2022 ወዲህ የጸና ፓስፖርቱንና ካርዱን ካሳየ በቂ ነው። ሰው በሩ ክፍት መሆኑን ያያል። እኔ በዚያ ዓመት ያየሁት ግን በእንግድነት በሚገባበትና ለመኖር በሚገባበት በር መካከል ያለውን ርቀት ነው።

እኛ «ስፖንሰር ማድረግ» የምንለው ነገር በደንብ ሲታይ ዋስ መሆን ነው። ስፖንሰሯ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት፣ የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን አለባት። ቋሚ ነዋሪ ከሆነች እዚያው ካናዳ መኖር ግዴታዋ ነው፤ ዜጋ ከሆነች ግን ውጭ ሆና፣ ባሏ ሲፈቀድለት አብራው እንደምትመለስ በማሳየት ማመልከት ትችላለች። በአካል ጉዳት ምክንያት ካልሆነ በቀር የመንግሥት ድጎማ የምትቀበል መሆን የለባትም። ለወላጅ የሚጠየቀው ዓይነት የገቢ መጠን ለትዳር ጓደኛ በአብዛኛው አይጠየቅም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ደመወዛቸው ትንሽ የሆነ ብዙ ሰዎች አይችሉም ተብለው ሳይሞክሩ ይቀራሉ።

ፊርማው ግን ከባድ ነው። ስፖንሰሯ ባሏ ቋሚ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት መሠረታዊ ፍላጎቱን ልታሟላ ትፈርማለች። በእነዚያ ዓመታት እሱ የመንግሥት ድጎማ ቢወስድ መንግሥት ገንዘቡን ከእሷ ይጠይቃል። ሥራ ብታጣም፣ ቢፋቱም፣ ሰውየው ሌላ ከተማ ሄዶ ቢኖርም ፊርማው አይፈርስም። በማኅበረሰባችን ይህን ገጽ ሳያነቡ የሚፈርሙ አሉ፤ ሳስበው ያመኛል። ሰው ለባንክ ብድር ዋስ ሁን ሲባል ሦስት ቀን ያስባል፤ እዚህ ግን «ፎርማሊቲ ነው» ተብሎ በአንድ ምሽት ይፈረማል። እህቴ ገጹን ጮክ ብላ በአማርኛ እየመለሰች ለእናቴ አነበበችላት። እናቴ ጥቂት ዝም አለችና «ሦስት ዓመት?» አለች። «ሽማግሌዎቹ እኮ ዕድሜ ልክ ነው ዋስ የሆኑት።»

ክፍያው ከኤፕሪል 30፣ 2024 በፊት ላመለከቱት ትንሽ ያንስ ነበር። በዚያ ቀን የስፖንሰርነቱ 85፣ የማመልከቻው 545፣ የቋሚ ነዋሪነት መብቱ 575፣ በድምሩ 1,205 የካናዳ ዶላር ሆነ፤ ለአሻራ ደግሞ 85። የሐኪም ምርመራ፣ የትርጉምና የፖሊስ ወረቀት ወጪ ከዚህ ውጭ ነው።

ገንዘቡ ይገኛል። የሚያስጨንቀው ጋብቻው የእውነት መሆኑን ማስረዳት ነው። የካናዳ ደንብ ትዳሩ እውነተኛ ካልሆነ፣ ወይም በዋናነት የተመሠረተው ለወረቀት ከሆነ ውድቅ ያደርገዋል። አንዱ በቂ ነው። እንግዲህ አይኤምኤም 5532 የሚባለው ፎርም እዚህ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ የት ተዋወቃችሁ? በአካል የተያያችሁት መቼ ነው? ሠርግ ነበር ወይ፣ እነማን ተገኙ? የቅርብ ቤተሰብ ጋብቻውን ያውቃል? ከዚህ በፊት አግብታችሁ ነበር? ሁለቱም ይመልሳሉ፤ ኦፊሰሩ ይመዝናል። ለእኛ ሰው ደግሞ ኦፊሰሩ ልማዱን አያውቅም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ሠርግ በማይታለፍበት ማኅበረሰብ ውስጥ ያለ ዘመድ የተደረገ ጋብቻ ጥያቄ ያስነሣል። ስለዚህ እናቴ ስለ ሽማግሌዎቹ ፎቶ ያለችው ሁሉ ትክክል ነበር።

የድንበሩ ቅርበት ያመጣውን ችግር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ባልየው በሦስት ዓመት ውስጥ ሃያ ጊዜ ያህል በመኪና ተሻግሯል፤ ፓስፖርቱ ላይ ግን አንድ ማኅተም የለም። በየብስ የሚሻገር አሜሪካዊ አብዛኛውን ጊዜ ታይቶ ያልፋል እንጂ አይመታለትም። ከአዲስ አበባ የምትመጣ ሚስት ቢሆን ኖሮ የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ ቪዛውና ማኅተሙ ይመሰክር ነበር። ፍቅራቸውን በአስፋልት ላይ የሚመላለሱ ሰዎች ግን ዱካ አይተዉም። ከካናዳ የድንበር አገልግሎት የራስን የመግቢያ ታሪክ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ጠየቁ። የአውራ ጎዳና ክፍያ ዝርዝርና ከቡፋሎ ወዲህ ያለ የነዳጅ ማደያ ደረሰኝ ተሰበሰበ። ለሌሎች የምነግረው ይህን ነው፤ በአሜሪካና በካናዳ መካከል የምትመላለሱ ሁሉ፣ ደረሰኝ አትጣሉ።

ከዚያ የጽሑፍ መልእክት አለ። ከአሥር ገጽ አይበልጥም። የእነሱ ግን የአራት ዓመት ወሬ ነው፤ ያውም በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ። ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ ውጭ የሆነ ሁሉ መተርጎም አለበት። እህቴ መጀመሪያ የመረጠችው «ናፍቀሽኛል»ን፣ «ያላንቺ»ን ነበር። እኔ ተቃወምኩ። ስልኩን ተቀብዬ ወደ ኋላ ሳገላብጥ አንድ ማክሰኞ ማታ የተጻፈ አገኘሁ። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት እንዳለቀ ትነግረዋለች፤ እሱ የመድኃኒቱን ስም ይጠይቃል፣ መጠኑን ይጠይቃል፣ በማግስቱ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ «አመጣሽላት?» ይላል። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ተበላሸ ምድጃ፣ ስለ ወንድሙ የትምህርት ክፍያ ብዙ አለ። «ናፍቀሽኛል»ን ማንም ለማንም ይጽፋል። «አመጣሽላት?» ግን የባል ቃል ነው። አሥሩ ገጽ የተሞላው በዚህ ነው።

በየት በኩል ይመልከት የሚለው ደግሞ ሌላ ውሳኔ ነበር። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ባልየው ካናዳ ውስጥ ከሚስቱ ጋር እየኖረ የሚያመለክትበት ነው፤ ሁለተኛው ከካናዳ ውጭ ላሉ የተዘጋጀው የቤተሰብ ክፍል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ካናዳ ውስጥ በእንግድነት ያለ አሜሪካዊም በሁለተኛው መንገድ ማመልከት እንደሚችል ነው። በዚህኛው ማመልከቻው ቢወድቅ ስፖንሰሯ ለኢሚግሬሽን ይግባኝ ችሎት አቤት ማለት ትችላለች፤ በመጀመሪያው ይህ የይግባኝ መብት የለም። በመጀመሪያው ደግሞ ጉዳዩ ሳያልቅ ከሀገር ወጥቶ መመለስ ቢከለከል ችግር ነው። ድሮ የውስጡን የሚያስመርጠው የሥራ ፈቃዱ ነበር፤ ከ2023 ወዲህ ግን ካናዳ ውስጥ ሕጋዊ ፈቃድ ኖሮት ከሚስቱ ጋር የሚኖር በሁለተኛው መንገድ ያመለከተም ሰው ክፍት የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። እህቴና ባሏ ውጪውን መረጡ። እሱ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ ሥራውን ለቆ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልፈለገም።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ በጃንዋሪ ለሁለት ሳምንት ሊያያት መጣ። ድልድዩ ላይ ኦፊሰሯ የት እንደሚሄድ ጠየቀችው፤ «ሚስቴ ጋር» አለ። የኋላ ወንበሩን አየች፤ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ፣ የክረምት ካፖርት፣ የቡና ስኒ በካርቶን። «ልትኖር ነው የመጣኸው?» ወደ ውስጥ ገብቶ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጠ። የካናዳ ሕግ ቋሚ ነዋሪ ለመሆን ማሰብ ብቻውን በእንግድነት ከመግባት አያግድም ይላል፤ ኦፊሰሩ ግን ሰውየው በተፈቀደለት ቀን እንደሚወጣ ማመን አለበት። ባልየው የሲልቨር ስፕሪንግ የቤት ኪራይ ውሉን፣ የሥራ ፈረቃ ሰሌዳውን፣ ማመልከቻው እንደደረሰ የሚገልጸውን ደብዳቤ በስልኩ ይዞ ነበር። ኦፊሰሯ መውጫ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችውና አሳለፈችው። ክፉ አልነበረችም፤ ሥራዋን ሠራች። ዋሽቶ «ጓደኛ ልጠይቅ» ቢል ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በካናዳ ሕግ ለኢሚግሬሽን መዋሸት ወይም ዋና ነገር መደበቅ አምስት ዓመት ያሳግዳል።

ያ በር መዘጋትም እንደሚችል በ2020 ታይቷል። በማርች 21 የሁለቱ ሀገሮች የየብስ ድንበር አስፈላጊ ላልሆነ ጉዞ ተዘጋ። በጁን የትዳር ጓደኛ ለሆኑት መግቢያ ተፈቀደ፤ እንደ እህቴ ገና ያልተጋቡት ግን ቀሩ። በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን ስቴትና በብሪቲሽ ኮሎምቢያ መካከል፣ በ1921 የተሠራው የሰላም ቅስት የቆመበት ፓርክ የፍቅረኞች መገናኛ ሆነ። የካናዳው ወገን ሲዘጋ ሰዎች ከመንገዱ ዳር ያለችውን ትንሽ ቦይ ተሻግረው ወደ አሜሪካው ሣር ይገቡ ነበር። ድንኳን ይተከላል፤ ቤተሰብ ምሳ ይበላል፤ ሠርግም ተደርጓል። ማታ እያንዳንዱ ወደየሀገሩ ይመለሳል። ከቶሮንቶ እስከዚያ ድረስ አህጉሩን ማቋረጥ ስለሆነ እህቴ አልሄደችም፤ ፎቶዎቹን ግን ሌሊት ሌሊት እያየች እንደምታለቅስ አውቃለሁ። የካናዳ የየብስ ድንበር ለተከተቡ አሜሪካውያን የተከፈተው ኦገስት 9፣ 2021 ነው።

በዚያው ዘመን የዩታ ግዛት አንድ ካውንቲ ሰዎች በቪዲዮ እንዲጋቡ መፍቀድ ጀመረ። ብዙዎች ተጠቀሙበት። ለካናዳ ስፖንሰርነት ግን አይሆንም፤ ከ2015 ጀምሮ ሁለቱም ተጋቢዎች በሥነ ሥርዓቱ በአካል ያልተገኙበት ጋብቻ፣ በስልክም በውክልናም፣ ከጥቂት ወታደሮች በቀር ተቀባይነት የለውም። በውክልና ተጋብተው ገንዘባቸውን ከከፈሉ በኋላ ይህን የሰሙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

የእኛ ሰው ከሌላው አሜሪካዊ የሚለይበት ሌላ ፈተና አለ፤ ቀንና ስም። እህቴ በስደት ስትመጣ የትውልድ ዓመቷን በሐበሻ አቆጣጠር ነበር የነገረችው፤ እንዳለ ተጻፈ። ስለዚህ በአንዳንዱ ወረቀት ሰባት ዓመት ትበልጣለች። የባልየው አባት ስም በፓስፖርቱ በአንድ ፊደል፣ በዱባይ ወረቀቱ በሌላ ፊደል ነው። እህቴ የባሏን ስም አልወሰደችም፤ የአባቷን ስም ይዛለች፤ ፎርሙ ግን የቤተሰብ ስም ይላል። መጀመሪያ ፎርሙን የሞላላቸው በሰፈሩ የታወቀ ሰው ይህን ሁሉ በግምት አስተካክሎ ጽፎት ነበር። ገንዘብ ተከፍሎት። እኔ ያስቀየርኩት እሱን ነው። በክፍያ ማማከር የሚችሉት እንደ ጠበቆች፣ የኩቤክ ኖታሪዎችና በአማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገቡ ያሉ ባለፈቃዶች ብቻ ናቸው፤ ስማቸው ተፈልጎ ይገኛል። ለቀኑና ለስሙ መድኃኒቱ አንድ ገጽ የማብራሪያ ደብዳቤ ነው፤ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን ልጅ የአባቱን ስም እንደሚከተል፣ የትኛው ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ። ልዩነቱን ራስህ ብትነግራቸው ማብራሪያ ነው። እነሱ ቢያገኙት ጥርጣሬ ነው።

የፖሊስ ወረቀትም እንዲሁ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ስድስት ወር በተከታታይ የኖረበት ሀገር ሁሉ ይጠየቃል። ለአሜሪካው የኤፍቢአይ አሻራ ምርመራ አለ፤ 18 የአሜሪካ ዶላር ነው፤ በፍጥነት መጣ። ዱባይንም ማምጣት ነበረበት። አሜሪካ ውስጥ እንደ ቀላል የሚታይ ጥፋት ካናዳ ላይ ከባድ ሊሆን እንደሚችልም ማወቅ ያስፈልጋል። ጠጥቶ መንዳት ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ በካናዳ ሕግ እስከ አሥር ዓመት እስር የሚያደርስ ወንጀል ነው፤ ስለዚህ አንድ የድሮ ጥፋት ያለበት አሜሪካዊ ባል ድንበር ላይ ሊመለስ ይችላል። ቅጣቱን ከጨረሰ አምስት ዓመት ሲያልፍ ተሐድሶ ማመልከት ይቻላል። ይህን ለሠርግ አዳራሽ ቀብድ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለእናት አይነገርም ይሆናል፤ ለሚስት ግን መነገር አለበት።

እህቴን ከሚያውቋት አንድ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝን ነገረኝ። ካናዳ ሲገባ ልጅ እንዳለው አላስመዘገበም፤ ደላላው «ጉዳይህን ያወሳስብብሃል» ብሎት። ሲገባ ያላሳወቀውንና ያልተመረመረውን የቤተሰብ አባል በኋላ በቤተሰብ ክፍል ማምጣት ደንቡ ይከለክላል። በሴፕቴምበር 2019 ለአንዳንዶች መውጫ የሚሆን የሙከራ አሠራር ተጀመረ፤ እስከዚያ ድረስ ግን ልጁ ጎረምሳ ሆኗል። ሰውየው ይህን ሲነግረኝ የቡናውን ስኒ አልጠጣም፤ ሁለት እጁን አድርጎበት ተቀመጠ።

ስለ ሌላ ጉዳይም አንድ ነገር ልበል፤ ስለ ሴቶች ነው የምለው፣ ለወንድም ይሠራል። ከ2012 እስከ 2017 ድረስ አንዳንድ ስፖንሰር የተደረጉ የትዳር ጓደኞች ሁለት ዓመት አብረው ካልኖሩ ወረቀታቸውን ሊያጡ ይችሉ ነበር። ያ ሁኔታ ተሽሯል። ዛሬ የሚደበድብ ባል «ብትወጪ አስባርርሻለሁ» ቢል ሐሰት ነው፤ በሐቀኛ ትዳር ቋሚ ነዋሪ የሆነች ሴት ቤቱን ለቅቃ ብትወጣ በዚያ ምክንያት ነዋሪነቷን አታጣም። የድሮው ወሬ በየቡናው አሁንም ይነገራል። ስለዚህ የአዲሱም ወሬ በየቡናው ይነገር።

ጉዳዩ በአሥራ አንደኛው ወር አለቀ። ባልየው ሥራውን ለቀቀ፣ የኪራይ ቤቱን አስረከበ፣ መኪናውን ጫነ። አሜሪካዊ ዜግነቱ ስላለው የትም ቢኖር ለአሜሪካ የግብር መግለጫ በየዓመቱ ማቅረብ እንደሚቀጥል አንድ ጓደኛው አስታወሰው። አንዳንድ ጓደኞቹ ግሪን ካርድ ላይ ሆነው ወደ ካናዳ መዛወር ይፈራሉ፤ ውጭ ለመኖር መሄድ ካርዱን ሊያሳጣ ይችላልና። እሱ የዜግነት መሐላውን ቀን መጠበቁ በጀው።

ዲሴምበር 7፣ 2024 ቅዳሜ ነበር። በፒስ ብሪጅ፣ ከቡፋሎ ወደ ፎርት ኢሪ በሚያሻግረው ድልድይ ገባ። ይዞት የሚገባው ዕቃ ዝርዝር በአንድ ወረቀት፣ በኋላ የሚከተለው በሌላ ወረቀት ተጽፏል፤ አዲስ ነዋሪ ዕቃውን ያለ ቀረጥ የሚያስገባው ይህን ሲያቀርብ ነው። ጀበና ሁለት፣ ረከቦት አንድ፣ መሶብ አንድ፣ መጻሕፍት አርባ፣ የላቦራቶሪ ነጭ ካፖርት። ኦፊሰሩ የነዋሪነት ማረጋገጫውን እያየ፣ ያላሳወቀው ልጅ ወይም ክስ እንዳለ ጠየቀው። የለም። ፈረመ።

ማታ ቤት ሲደርስ እናቴ ከበር ተቀበለችው። «እንኳን ደህና መጡ እማማ» አለ ተሳስቶ፣ እሱ መጪ ሆኖ ሳለ። ጉንጩን ሳመችው። ከዚያ ከግድግዳው ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ቀን መቁጠሪያ አውርዳ እርሳስ ጠየቀች። ዕለቱ ኅዳር 28፣ 2017 ዓ.ም. ነው፤ አማኑኤል። ሦስት ዓመቱ የሚሞላው መቼ እንደሆነ በጣቷ ቆጠረች። እህቴ «ኅዳር 28፣ 2020 ነዋ» አለቻት።

«አይደለም» አለች እናቴ። «የ2019 ጳጉሜን ስድስት ናት። በፈረንጁ ቀን ከሆነ የሚቆጥሩት ኅዳር 27 ላይ ይወድቃል፤ መድኃኔዓለም።» ጻፈችው።